የዶሚኒክ ክሩዝ እግሮች

ቡጢ የሚመለከት ሰው ዓይኑ እጅ ላይ ነው። የጨዋታ አስተላላፊዎችም የሚጮኹት እጅ ፊት ላይ ሲያርፍ ነው። የድብልቅ ማርሻል አርት (ኤምኤምኤ) ተፋላሚውን ዶሚኒክ ክሩዝን በዚህ አኳኋን የተከታተለ ሰው ግን ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ሸማኔ ሲሠራ የምናየው መወርወሪያውን የሚያመላልሰውን እጁን ነው፤ ድሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ጉድጓድ ውስጥ ያለው እግሩ ነው። ክሩዝም እንደዚያ ነው። በ135 ፓውንድ ማለትም በ61 ኪሎ ገደማ በሚወሰነው የባንታም ሚዛን ሁለት ጊዜ የኤምኤምኤ ውድድር ድርጅት የሆነውን የዩኤፍሲን ቀበቶ ታጥቋል። በዚያ ሚዛን ከእሱ የከበደ ቡጢ ያላቸው ነበሩ፤ በፍጥነት የሚበልጡትም ነበሩ። ተጋጣሚው በላከው ቡጢ መድረሻ ላይ አለመገኘትን ግን እንደ እሱ የተካነበት ሰው እኔ አላየሁም።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ደንቡን እንይ። ቡጢ ሊማር የመጣ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚነገረው ስለ አቋቋም ነው፦ ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ እግር ከኋላ፣ በመካከላቸው የትከሻ ስፋት ያህል ክፍተት። ወደፊት ሲኬድ የፊተኛው እግር ይቀድማል፣ የኋለኛው ይከተላል። የኋላው የፊቱን አያልፍም፤ እግር ለእግር አይጠላለፍም። እግሩ በተጠላለፈበት ቅጽበት የተመታ ሰው የሚደገፍበት የለውምና ይወድቃል። ደንቡ ትክክል ነው፤ የብዙ ሰው አገጭ አድኗል።

ክሩዝ ይህን ደንብ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የጣሰውም አውቆ ነው። ቀኝ ቡጢውን ሲሰነዝር ቀኝ እግሩም አብሮ ይነሳል። ያ እግር ግራውን አልፎ ይሄድና በሰያፍ፣ ወደ ግራ ወጣ ብሎ ያርፋል። ጭንቅላቱ ከሁሉም ቀድሞ ወደዚያው ጎንበስ ብሏል። ቡጢው ፊት ላይ በደረሰበት ቅጽበት ክሩዝ አቋቋሙን ለውጦ ግራኝ ሆኗል፤ የቆመውም በተጋጣሚው ፊት ሳይሆን በጎኑ ነው። የተመታው ሰው አጸፋውን ሲልክ የሚያገኘው ክሩዝ የነበረበትን ባዶ ቦታ ነው። ዞሮ እስኪያገኘው ድረስ ክሩዝ ሦስት ምርጫ አለው፦ ከአዲሱ አቋቋም ግራ እጁን መድገም፣ ገብቶ መጣል፣ ወይም ዝም ብሎ መሄድ። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሦስተኛውን ነው። ብዙ ተመልካች «ይሸሻል» ብሎ የሚነቅፈውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን የሙያው ጥራት ከሁሉ ይልቅ ደምቆ የሚታየኝ እዚሁ ቦታ ነው። ሌላው ሰው መትቶ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚወጣ ያስባል፤ ክሩዝ መውጫውን ሳያበጅ አይገባም።

በጥቃቱ መካከል ያለው ጭፈራ የሚመስለው ነገርም ከንቱ ጌጥ አይደለም። እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ፣ አጫጭር እርምጃ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይረግጣል። ሁለት እርምጃ ፈጠን፣ አንድ ዘግየት፣ ከዚያ ግማሽ እርምጃ፣ ከዚያ ምንም። ቡጢ ሰዓት ይፈልጋል፤ መቺ ሁሉ የተጋጣሚውን ምት ቆጥሮ ነው የሚገባው። ክሩዝ የሚቆጠር ምት አይሰጥም። ለጥቃት ሲነሳና ለምንም ሲነሳ ትከሻው አንድ ዓይነት ነው። ተጋጣሚው ለአሥር ሐሰተኛ ጥቃት አሥር ጊዜ ይደነግጣል፤ አሥራ አንደኛው እውነተኛ ሲሆን ዓይኑ ደክሟል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ለእኔ እጅግ የተዋበው አጣጣሉ ነው። ተለምዶው ጎንበስ ብሎ ሁለት እግር ማቀፍ፣ ጉልበትን መሬት ላይ ማስነካት ነው። ክሩዝ ቁመቱን ሳይለቅ ይጥላል። ቀኙን ይሰነዝራል፤ ተጋጣሚው ከቡጢው ለማምለጥ ወደኋላ ሲለጥጥ የሰውነቱ ክብደት ተረከዙ ላይ ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት ክሩዝ በአንድ እጁ ከላይ ይገፋዋል፣ በሌላው ከጉልበቱ ጀርባ ይይዘዋል፣ መራመዱንም አያቆምም። ጉልበት የሚጠይቅ አይመስልም፤ ሰውየው ቀድሞውኑ በገዛ ፍርሃቱ ግማሽ መንገድ ወድቋል። ቡጢው ቢያርፍም ባያርፍም ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ክሩዝ በ1985 (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳን ዲዬጎ ተወልዶ ቱሳን፣ አሪዞና ውስጥ ያደገ የትምህርት ቤት ትግል ልጅ ነው። ወደ ሳን ዲዬጎ ተመልሶ በአሰልጣኝ ኤሪክ ዴል ፊዬሮ ሥር ሠለጠነ። መጋቢት 2007 ከዩራያ ፌበር ጋር፣ ኋላ ከዩኤፍሲ ጋር ለተዋሐደው ለደብልዩኢሲ ድርጅት ቀበቶ ተጋጥሞ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ አንገቱን ታንቆ ተሸነፈ። ያ ግጥሚያ ከሚዛኑ በላይ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ባንታም ወረደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያሸነፈው አልነበረም። በ2010 ብራየን ቦውልስን አሸንፎ የደብልዩኢሲ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ስኮት ጆርገንሰንን በነጥብ ረትቶ የዩኤፍሲ የመጀመሪያው የባንታም ሻምፒዮን ተባለ። በ2011 ሐምሌ ለፌበር ብድሩን መለሰለት። ጥቅምት ላይ ደግሞ ዲሜትሪየስ ጆንሰን መጣ። ጆንሰን ኋላ በዝንብ ሚዛን ለዓመታት ያልተደፈረው ፈጣን ሰው ነው። በእግር ፍጥነት እንደማያስከነዳው ክሩዝ ቶሎ ገባው፤ ስለዚህ ያዘው፣ አነሳው፣ ደጋግሞ ጣለው፣ በነጥብም አሸነፈ። ባለሙያ የሚወደውን መሣሪያ ማስቀመጥ ሲያውቅ ደስ ይላል።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። በ2012 የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ የተተካለትን ጅማት ሰውነቱ አልቀበልም ብሎ ዳግመኛ ተቀደደ። በ2014 መጀመሪያ ብሽሽቱ ተጎዳና ቀበቶውን ሳይሸነፍ አጣ። መስከረም ላይ ተመልሶ ታኬያ ሚዙጋኪን በ61 ሰከንድ በዝረራ አሸነፈ፤ ወዲያው ደግሞ የሌላኛው ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2016 ድረስ፣ ከአራት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ የተጋጠመው እነዚያን 61 ሰከንዶች ብቻ ነው። ሙያው እግሩ ላይ የሆነ ሰው ሁለቱንም ጉልበቱን ማጣቱ የትኛውንም ሌላ ተፋላሚ ከውድድር ጨርሶ የሚያስወጣ ነበር።

ስለዚህ ጥር 17 ቀን 2016 ቦስተን ላይ የሆነው ነገር ለእኔ የሥራው ሁሉ መለኪያ ነው። ቀበቶውን የያዘው ቲጄ ዲላሾ ነበር። ዲላሾም አቋቋም እየለዋወጠ፣ በሰያፍ እየወጣ የሚመታ ሰው ነው፤ ክሩዝ በሌለበት ዓመታት የእሱን ስልት ወርሶ አፈጠነው የሚሉ ጥቂት አልነበሩም። አካሉ ጤነኛ፣ ከክሩዝ የከበደ መቺ። በመጀመሪያው ዙር ይህ ሰው በሙሉ ኃይሉ አየር ሲመታ ይታያል። ትልቅ ቀኝ ይልካል፣ ክሩዝ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ዲላሾ ዞሮ ሲያየው ክሩዝ ሌላ ቦታ ሆኖ መልሶ እየመጣ ነው። ቸኩሎ ሲከተለው ከጉልበቱ ጀርባ ተይዞ ይወድቃል። ስልቱን የተማረ ሰውና ስልቱን የፈጠረ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ ዲላሾ አቋቋሙን የሚለውጠው ለመምታት ነው፣ ክሩዝ ላለመገኘት። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ክሩዝ እግሩ ታምሞ ዘገየ፤ ዲላሾም በካልቾና በቡጢ እየደረሰበት መጣ። ዳኞቹ ተከፋፈሉ፦ ሁለቱ 48 ለ 47 እና 49 ለ 46 ለክሩዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ 49 ለ 46 ለዲላሾ። ክሩዝ ማንም ሳያሸንፈው ያጣውን ቀበቶ አስመለሰ።

ምንም ስልት መፍቻ አያጣም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን ኮዲ ጋርብራንት ክሩዝን ማሳደድ ትቶ ቆሞ ጠበቀው። ክሩዝ ሲገባ ጭንቅላቱን ወደኋላ ይስባል፣ ወዲያው አጸፋ ይልካል። ለሚያሳድደው ሰው የተሠራ ወጥመድ ለማያሳድደው አይሠራም። ጋርብራንት በአራተኛው ዙር ደጋግሞ ጣለው፤ በመሃል ቆሞ እስከ መጨፈርም ደረሰ። ክሩዝ አምስቱንም ዙር ጨረሰ፣ ተሸነፈ፣ ምክንያት ሳያበዛም ሽንፈቱን ተቀበለ።

የኋለኞቹን ዓመታት ማርዘም አልፈልግም። ከሦስት ዓመት በላይ በጉዳት ቆይቶ በ2020 በሄንሪ ሴሁዶ ተሸነፈ፤ በ2021 ኬሲ ኬኒንና ፔድሮ ሙንዮስን በነጥብ አሸነፈ። ነሐሴ 2022 በትውልድ ከተማው ማርሎን ቬራ በአራተኛው ዙር በራስ ላይ ካልቾ ዘረረው። ካልቾው የመጣው ክሩዝ ጭንቅላቱን ጎንበስ ለማድረግ በለመደበት በኩል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያዳነው ልማድ በመጨረሻ አድራሻው ታወቀ። በ2025 መጀመሪያ ለሌላ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ትከሻው ተጎድቶ ጓንቱን ሰቀለ፤ 24 አሸንፎ 4 ተሸንፏል።

ከባድ ቡጢ አልነበረውም የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ አብዛኛው ድሉ በነጥብ ነው። እየወጣ የሚመታ ሰው ሙሉ ክብደቱን ቡጢው ላይ ማኖር አይችልም፤ የመረጠው ዕዳ ይህ ነው፣ አውቆም ከፍሎታል። ዝረራ ብቻ የሚቆጥር ሰው ለክሩዝ ዝቅተኛ ቦታ ቢሰጠው አልገረምም፤ ግን አልስማማም። ዛሬ በትንንሾቹ ሚዛኖች አቋቋም እየለዋወጠ፣ በሰያፍ እየወጣ የሚመታ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ክሩዝ በጀመረበት ዘመን አሰልጣኞች እንደ ስህተት የሚያርሙት ነገር ነበር።

የቦስተኑን ግጥሚያ የምታገኙ ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ጊዜ እዩት። አንድ ጊዜ እንደልማዳችሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን እጆቹን ትታችሁ የክሩዝን ቀኝ እግር ብቻ ተከተሉ፦ መቼ እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ዲላሾ በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደሚያይ።