ሰማያዊ እሳት ብቻውን አይበቃም

«እሳቱ ሰማያዊ ነው፤ ታዲያ ጋዙ ለምንድን ነው ቶሎ የሚያልቅብኝ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት። የቡታጋዝ ምድጃ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት የምፈርደው በዓይኔ ነበር፤ ቢጫ ከሆነ ታሟል፣ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። የእሳቸው ጥያቄ ሚዛን አስገዛኝ።

ትንሿን ሲሊንደር ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ አስቀምጬ 2 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 90 ዲግሪ አሞቃለሁ። እስኪፈላ አልጠብቅም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎቱ ልኬቱን ያበላሽብኛል። ውሃው የሚቀበለው ሙቀት 586 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ አንድ ግራም ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ 46 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። የእናቲቱ ምድጃ 26 ግራም ፈጀ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ውሃው ጋ ሳይደርስ ይበተን ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ የተገኘው ጋዙ የሚወጣበት የናስ ቀዳዳ፣ ኖዝሉ ላይ ነው። ከእኔ በፊት የነካው ሰው በመርፌ ጠርጎታል። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከ0.70 ወደ 0.77 ሚሊሜትር ሲሰፋ ዓይን አያየውም፣ የሚያልፈው ጋዝ ግን በ21 በመቶ ይጨምራል። ትርፉ ነበልባል በድስቱ ጎን ሽቅብ ይወጣል። አየራችን ደግሞ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስስ ነው፤ ለቆላ የተሠራ ኖዝል እዚህ ሲመጣ ድሮውንም ይሰፋበታል። መርፌን ከመሣሪያ ሳጥናችን ማውጣት አለብን እላለሁ፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል።

ኖዝሉን ቀየርኩ፤ አየርና ጋዝ የሚቀላቀሉበትን ቱቦ ከሸረሪት ድር አጸዳሁ። 22 ግራም። ቁጥሩ አጓጓኝና ድስት የሚቀመጥበትን ፍርግርግ ዝቅ አደረግሁት፤ 20 ግራም ሆነ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። ነበልባሉ ቀዝቃዛውን የድስት ቂጥ ሲነካ ተቃጥሎ ሳይጨርስ ይጠፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። እሱ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሸተተኝ አብሮት የሚወጣው ነው። ሻይ ቤቱ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ እናቲቱም ከንጋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

ፍርግርጉን ወደ ቦታው መልሼ 22 ግራም ላይ ቆምኩ። አሁን ከሚዛኑ ጋር የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ይዤ እዞራለሁ፤ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማበራው እሱን ነው።