የአስጐብኚ ቃል፣ ስኒና ፎቶግራፍ፤ በሐይቅና በአምባሰል የተደረገ የሥዕል ጉብኝት ሒስ

የአንድን ከተማ የግድግዳ ሥዕሎች በአስጐብኚ እየተመሩ መመልከት፣ በመካከሉም መጠጥ መቅመስና ፎቶግራፍ መነሣት በታላላቆቹ የዓለም ከተሞች ከተለመደ ሰንበት ብሏል። ሒስ የሚጻፈው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትር ወይም ስለ ሥዕል ነው እንጂ ስለ ጉብኝት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉብኝት መጀመሪያና መጨረሻ፣ ተናጋሪና አድማጭ ያለው፣ የሚያሳየውንና የሚያልፈውን መርጦ የሚያሰናዳ ሥራ ስለ ሆነ እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ በሐይቅና በአምባሰል የተደረገውን አንድ ጉብኝት ለመመርመር የታሰበ ነው። ከተካፋዮቹ አንዱ እኔው ስለ ነበርሁ ሒሱ ጸሐፊውንም ይነካል።

ይህን ዓይነቱን ጉብኝት መጀመሪያ ያየሁት በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለሁ በለንደን ከተማ ነው። በምሥራቅ ለንደን በብሪክ ሌንና በሾርዲች ሠፈሮች ብዙዎቹ ግድግዳዎች በሥዕል የተሸፈኑ ናቸው፤ ዛሬ የታየው ሥዕል ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሥዕል ተደርቦበት ሊገኝ ይችላል። አስጐብኚው ጐብኚዎቹን አስከትሎ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘዋወራል፤ የሠዓሊውን ስም ይናገራል፤ ጐብኚዎቹ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ በመጨረሻም በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ቢራ ይጠጣሉ። እውነተኛ ስሙን ሰውሮ የሚሥለው ባንክሲ የተባለው ሠዓሊ በሪቪንግተን ጎዳና ያኖረው ሥዕል በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይጠበቃል። በዚያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅዱሳት ሥዕሎችን የሚሸፍነው መጋረጃ ትዝ ብሎኝ፣ መጋረጃው ሥዕሉን የሚሸፍነው ለክብሩ ነው፤ ፕላስቲኩ ግን ለዋጋው ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ይህ አነጋገሬ ዛሬ ሲታይ ችኰላ ያለበት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ፕላስቲኩ የለንደኑን ሥዕል አቈይቶታልና። በሐይቅ ያየነው ሥዕል ግን የሚያቈየው አላገኘም።

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዤ ወደ ደቡብ ወሎ ሄድሁ። አሳባችን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ በሱቆች፣ በጸጉር ቤቶችና በጀበና ቡና መሸጫዎች ግድግዳና ታፔላ ላይ በእጅ የተሣሉትን ሥዕሎች ማየት፣ ከዚያም ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳልሞ ወደ አምባሰል መሻገር ነበር። የቀጠርነው አስጐብኚ የአካባቢው ተወላጅ፣ አንደበቱ የተባ፣ ለሥራው ትጉህ የሆነ ወጣት ነው። ሆኖም ስለ መንገድ ሥዕሎች ስንጠይቀው ፈገግ ብሎ «ሥዕልማ ያለው በገዳሙ ነው» አለን። በጸጉር ቤቱ በር ላይ ልዩ ልዩ የጸጉር አቈራረጥ የሚያሳዩትን ራሶች፣ በሥጋ ቤቱ ላይ የተሣለውን ቀንዳም በሬ፣ በምግብ ቤቱ ላይ የተሣለውን ዓሣ ሳያቆመን አለፋቸው። ይህ ከእርሱ ብቻ የመጣ ጥፋት አይደለም፤ የእጅ ሥራን ከኪነ ጥበብ የሚለይ፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ሳናስበው ያስተማርነው ልማድ ነው።

ያቆመን በአንድ የጀበና ቡና መሸጫ ግድግዳ ፊት ብቻ ነበር። በግድግዳው ላይ ጀበና የያዘች ሴት፣ በስተኋላዋ አናቱ የተደለደለ ተራራ፣ በግርጌው ውሃ ተሥሎ ይታያል። አስጐብኚያችን ተራራው ግሸን መሆኑን፣ የአምባዋም ቅርጽ መስቀለኛ እንደ ሆነ፣ ሴቲቱም የወሎን ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነትና የክርስቲያኑንና የእስላሙን አብሮ መኖር የምታመለክት ምሳሌ መሆኗን ነገረን። ቀጥሎም አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ስለ ተበደለች እርሷ ከተቀመጠችበት ቦታ በቀር ምድሩ ኹሉ ውሃ ሆነ የሚለውን የሐይቁን አፈ ታሪክ አከለበት። ንግግሩ ያማረ ነበር። ተማሪዎቼም እኔም በማስታወሻችን ጻፍነው፤ ሥዕሉን ማን እንደ ሣለው ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። ከዚያ በኋላ በግድግዳው ፊት ተሰልፈን ቆምን፤ በአጠገባችን ቆሞ ይመለከተን ለነበረ አንድ ጐልማሳ ስልካችንን ሰጥተነው ፎቶግራፍ አነሣን።

የጉብኝቱ ሰሌዳ ለቡና የመደበው ሃያ ደቂቃ ነበር። በሃያ ደቂቃ የሚጠጣው አቦል ብቻ ነው። በወሎ የቡና ሥርዓት አቦል የመግቢያ፣ ቶና የወሬ፣ በረካ የምርቃት ስኒ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ዱዓውና «አሚን» የሚለው መልስ በሚሰማበት ቤት ከበረካ በፊት ተነሥቶ መሄድ ነገርን ሳይጨርሱ እንደ መሄድ ይቈጠራል። የለንደኑ ቢራ የጉብኝቱ መደምደሚያ ነው፤ ሥዕሉ ከታየ በኋላ ለድካም ማሳረፊያ የሚሰጥ ነው። የወሎ ቡና ግን የማወቂያው መንገድ ራሱ ነው። የእኛ ሰሌዳ ቡናውን ከለንደኑ ቢራ ጋራ አንድ አድርጎ ስለ ቈጠረው ስኒውን ሰጠን እንጂ ቡናውን አልሰጠንም።

ይህን የተረዳነው በአጋጣሚ ነው። ከተማሪዎቹ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም በጥንታዊ ሥርዓቱ ሴቶችን ስለማያስገባ፣ ሌሎቻችን ወደ ገዳሙ ስንሄድ ሦስቱ በቡና መሸጫው ለመቈየት መረጡ። ሥርዓቱ የቤቱ ነውና የምተቸው እርሱን አይደለም፤ የምተቸው ጉብኝቱን ያሰናዳነው ሰዎች ስለ እነዚህ ሦስት ተማሪዎች አንዳች ነገር ያላሰብን መሆናችንን ነው። ማታ ስንገናኝ ግን ከኹላችን ይልቅ ብዙ የተማሩት እነርሱ ሆነው ተገኙ። እስከ በረካ ተቀምጠው ከባለቤቲቱ የሰሙት እንዲህ ነው። በግድግዳው ላይ የተሣለችው ሴት የምሳሌ ሴት አይደለችም፤ የሞተችው የባለቤቲቱ እናት ናት። ተራራው ግሸን ሳይሆን ከእናቲቱ የትውልድ መንደር በኩል የሚታየው የአምባሰል ተራራ ነው። ፊቷ የተቀዳው ከመታወቂያ ወረቀቷ ላይ ካለው ትንሽ ፎቶግራፍ ነው። ሥዕሉን የሣለው በከተማው ታፔላ በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነው፤ እርሱም ጧት ስልካችንን ሰጥተን ፎቶግራፍ ያስነሣነው ጐልማሳ ነው።

በማግስቱ በአምባሰል መንገድ ላይ ያው አስጐብኚ በውጫሌ አቁሞን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለ ተፈረመው ውል አስረዳን። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመርዳት ይቻላቸዋል ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ግዴታ አድርጎ መጻፉን፣ ከዚህም ጠብና ጦርነት እንደ ተከተለ በሚገባ ተናገረ። የአንድ ቃል መጣመም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ስለ ጽሑፍ ያለው ጥንቃቄ ለሥዕል አለመትረፉ ግን ያስደንቃል። እኛም ብንሆን የውሉን አንቀጽ ያለ ምንጭ አንቀበልም፤ የግድግዳውን ትርጉም ግን ከአንድ ሰው አፍ ተቀብለን ጽፈን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማቅረብ የሚጠቅም ይመስለኛል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዘመኑ ተጽፎበታል፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር 1273 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር 1280/81 ነው። በውስጡም የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ መልክ ተሥሎ ይገኛል። መጽሐፉ ዘመናቸው ከታወቀው የኢትዮጵያ ሥዕላውያን መጻሕፍት መካከል በጥንታዊነቱ የታወቀ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የተሣለው ማን እንደ ሆነ፣ መጽሐፉንም ማን ለማን እንደ ሰጠው ለማወቅ የቻልነው በላዩ ስለ ተጻፈ ነው። በ1973 በአውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ይህንኑ መጽሐፍ ቍጥር ሰጥቶ በፊልም አንሥቶታል። የዚያ ሥራ ደንብ የፊልሙ ቅጂ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣው እንግዳ ይዞት ብቻ አልሄደም፤ ለባለ ሀገሩም ተወለት። የዛሬው የጉብኝት ፎቶግራፍ ከዚህ ጋራ ሲመዛዘን ጉድለቱ ግልጽ ይሆናል፤ ቍጥር የለውም፣ የሠዓሊ ስም የለውም፣ ቅጂውም ለባለቤቱ አይቀርም።

ጉድለቱ ምን እንዳስከተለ ያየሁት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ወደ ሐይቅ በተመለስሁ ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢው በደረሰ ጊዜ ባለቤቲቱ ቤቷን ዘግታ ሸሽታ ነበር። ስትመለስ የእናቷን መታወቂያ አላገኘችውም። ግድግዳውም ከዚያ ወዲያ ተለስኖ በማተሚያ የተሠራ ባነር ተሰቅሎበታል። ቡና ቀድታልኝ እንደ ተቀመጠች፣ «መምህር፣ ያን ቀን ያነሣችሁት ፎቶ አለ ወይ? የእናቴ መልክ ያለበት ሌላ የለኝም» ስትል ጠየቀችኝ። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሉን ፈለግሁት። ዘጠኝ ተማሪዎችና አንድ መምህር በደንብ ይታያሉ፤ በራሶቻችን መካከል የተራራው ጫፍና የጀበናው አፍ ይታያል፤ የእናቲቱ ፊት ግን በእኔ ትከሻ ተሸፍኗል። ይቅርታ ብጠይቃት፣ «አብሽሩ፣ ምን ታደርጉ፤ ያኔ ብናገር ኖሮ» አለችኝ። መናገሩስ ተናግራ ነበር፤ እስከ በረካ ለተቀመጡት ሦስት ተማሪዎች ነግራለች። ኋላም ከኹሉም ተማሪዎች የሰበሰብናቸውን ፎቶግራፎች ብንመረምር የእናቲቱ ፊት ሙሉ ሆኖ የሚታይበት አልተገኘም። ተራራው በደንብ የሚታይበትን አንዱን አሳትመን ላክንላት።

በዚህ ሒስ ላይ ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው፣ አስጐብኚ በጥቂት ሰዓት ብዙ ማሳየት የሚጠበቅበት ሠራተኛ ስለ ሆነ ከተመራማሪ የሚፈለገውን ጥንቃቄ ከእርሱ መጠበቅ አግባብ አይደለም የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የጐደለው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ አልነበረም። ሠዓሊው በአጠገባችን ቆሞ ነበር። ሁለተኛው፣ የመንገድ ሥዕል ባሕርዩ ኀላፊ ነውና ይጥፋ የሚለው ነው። በለንደን ይህን የሚሉት ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሐይቅ ግን ሥዕሉ የተሣለው እንዲቈይ ነው። የአንዱን ሀገር ሠዓሊ አሳብ ለሌላው ሀገር ሠዓሊ መስጠት አስጐብኚያችን ለሴቲቱ የማትሆነውን ትርጉም ከሰጠበት ስሕተት የተለየ አይደለም። ሦስተኛው፣ ጐብኚ ለአካባቢው ገንዘብ ያመጣልና አይነቀፍ የሚለው ነው። ያን ቀን የከፈልነው የዐሥር ስኒ ዋጋ ነው፤ ሠዓሊው ምንም አላገኘም፣ ስሙም አልተጠራም።

እንግዲህ ጉብኝቱ ይቅር የሚል አሳብ የለኝም። በእጅ የሚሣለው ታፔላ በባነር እየተተካ በሚሄድበት በዚህ ዘመን፣ እነዚህን ሥዕሎች ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው መገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን የማኅበራችን አባሎችና ተማሪዎቻችን ወደ ገጠር ከተሞች ስንወርድ ሦስት ነገሮችን ብንጠብቅ ይበጃል። በመጀመሪያ፣ ሥዕሉ ምን ማለት ነው ከማለታችን በፊት ማን ሣለው፣ ማንስ አሣለው ብለን እንጠይቅ፤ አስጐብኚውም ይህን ጥያቄ እንዲለምደው ከክፍያው ጋራ በውላችን እናግባው። ሁለተኛ፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት እስከ በረካ የምንቀመጥበት ይሁን፤ ጊዜ ከሌለን የምናያቸውን ግድግዳዎች እንቀንስ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ማንም ሰው ያልቆመበት አንድ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በጀርባውም ቀኑ፣ ቦታው፣ የሠዓሊውና የባለቤቱ ስም በፈቃዳቸው ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለሠዓሊው ይሰጥ፤ ሦስተኛው በደሴ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀመጥ። ፎቶግራፎቹን በደሴ ለማሳተም የሚያስፈልገው ገንዘብ ተማሪዎቼና እኔ ያን ቀን ለምሳ ካወጣነው አይበልጥም ነበር።

ሠዓሊውን በ2015 ዓ.ም. አግኝቼው ነበር። አሁን ሥራው የታተመ ባነር መስቀል ነው። የእናቲቱን መልክ ከትዝታ መልሶ መሣል ይችል እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ ፊቷን በሕይወቷ አይቶት እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው መታወቂያው ላይ የነበረውን ብቻ እንደ ሆነ ነገረኝ። ተራራውን ግን እንደሚሥለው ተናግሯል።