የፈረሰ ድንጋይ፥ ያልጠፋ መንገድ

የኪነ ጥበብን ሥራ የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በተፈጸመው ነገር ላይ ነው። ሐውልቱ ከቆመ፥ ሥዕሉ ከደረቀ፥ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ መልኩንና ልኩን እየመዘነ ይፈርዳል። ሠሪው በሥራው መካከል ያገኘውን እንቅፋት ግን የታሪክ ጸሓፊ ድርሻ ነው ብሎ ይተወዋል። ይህ አካሄድ ለብዙ ሥራዎች ይበቃ ይሆናል፤ በሜዳ ላይ በድንጋይ ለሚሠራው ላቢሪንት ግን አይበቃም። እንዲህ ያለው ሥራ ከውሃ፥ ከነፋስና ከሰው እጅ የሚከልለው ግድግዳም ጣሪያም የለውምና፥ እንቅፋቱን ትቶ ሥራውን ብቻ መመርመር ግማሹን ብቻ መመርመር ይሆናል።

ላቢሪንት የሚለው ስም በግሪኮች አፈ ታሪክ ዳይዳሎስ በቀርጤስ ደሴት ለንጉሥ ሚኖስ ሠራው ከሚባለው ሕንጻ የመጣ ነው። የዘርፉ ዐዋቂዎች ዛሬ ላቢሪንትን ከመሳቻ መንገድ ለይተው ያዩታል። መሳቻው ብዙ መንታ መንገድ ስላለው የገባውን ሰው ያሳስታል፤ ላቢሪንቱ ግን እየተጠማዘዘ ወደ መካከል የሚያደርስ አንድ መንገድ ብቻ ነው። በባልቲክ ባሕር ዳርቻዎችና በሰሜን ሩሲያ በሶሎቬትስኪ ደሴቶች፥ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይን በመሬት ላይ በመደርደር ብቻ የተሠሩ ጥንታውያን ላቢሪንቶች ይገኛሉ። በዘመናችንም ይህንኑ ጥበብ የተከተሉ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል የሁለቱን ሥራ እናነጻጽራለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተሠራው ነው። ኤድዋርዶ አጉይሌራ የተባለ የኪነ ጥበብ ሰው በ2004 ዓ.ም. ላንድስ ኤንድ በሚባለው የባሕር ገደል ላይ፥ የጎልደን ጌት ድልድይ በሚታይበት ስፍራ፥ ድንጋይ ደርድሮ ክብ ላቢሪንት ሠራ። ይህ ሥራ ከአንድ ጊዜ በላይ በሰው እጅ ፈርሷል። በ2015 ዓ.ም. ድንጋዮቹ ፈጽመው ተበትነው ሳለ ፈቃደኞች ተሰብስበው እንደገና ደረደሩት።

ይህን የሰማ ሰው የፈቃደኞቹን ትጋት ማመስገኑ ተገቢ ነው። ሐያሲ ግን ከምስጋና አልፎ፥ ሥራው ደጋግሞ ለመነሣት ያስቻለው በቅርጹ ውስጥ ያለ ምን ነገር እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። መልሱ ድንጋዮቹ ተራ ድንጋዮች መሆናቸው ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል፤ የሥራው ሕይወት በድንጋዩ ሳይሆን በመሥመሩ ነውና፥ መሥመሩን ያወቀ ሁሉ መልሶ ሊያቆመው ይችላል። ብራናው ቢያረጅ ቃሉ በሌላ ብራና ተገልብጦ እንደሚኖር መጽሐፍ ማለት ነው። ነገር ግን ብርታቱና ድካሙ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን መሰወር አይገባም። ለማንሣት የቀለለ ድንጋይ ለመወርወርም ይቀላል። ለመሥራት ሁሉን የሚጋብዝ ሥራ አፍራሹንም ሳይጋብዝ አይቀርም።

ሁለተኛው ሥራ ሮበርት ስሚዝሰን በ1970 ዓ.ም. በዩታ ክፍለ ሀገር በታላቁ የጨው ሐይቅ ውስጥ የሠራው ስፓይራል ጄቲ ነው። በጥብቅ አነጋገር ይህ ላቢሪንት አይደለም። ሆኖም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ እየተጠመዘዘ ሄዶ የሚያበቃ፥ የገባውም ሰው በገባበት የሚመለስበት አንድ መንገድ ስለ ሆነ የላቢሪንት የቅርብ ዘመድ ነው። ርዝመቱ 457 ሜትር ያህል፥ ስፋቱም 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ስሚዝሰን ያገኘው የመጀመሪያ እንቅፋት ይህን እንግዳ አሳብ የሚቀበል የሥራ ተቋራጭ ማግኘት ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፤ የመጣው ከራሱ ዐይን ነውና። እንደሚነገረው የጭነት መኪናዎች 6,650 ቶን ድንጋይና አፈር አመላልሰው ሥራው በስድስት ቀን አለቀ። ስሚዝሰን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሲመለከተው ከቈየ በኋላ ሠራተኞቹን መልሶ ጠርቶ፥ በሦስት ቀን ተጨማሪ ሥራ ቅርጹን ለውጦ ዛሬ የምናየውን አደረገው። ገንዘቡ ከወጣ፥ ድካሙም ካለፈ በኋላ «አልሆነም» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሠሪ ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት የሥራው ታላቅነት የተወሰነው በእነዚያ ሁለት የዝምታ ቀኖች ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ውሃው ነበር። ሥራው የተሠራው ሐይቁ ዝቅ ባለበት ጊዜ ስለ ነበር፥ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ውሃው ሞልቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ሸፈነው። ስሚዝሰን ራሱ በ1973 ዓ.ም. በቴክሳስ ሌላ ሥራውን ከአየር ላይ ሲመለከት አውሮፕላኑ ወድቆ በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ያንን የተጀመረ ሥራ ባለቤቱ ናንሲ ሆልት ከባልንጀሮቹ ጋር ሆና ፈጸመችው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በድርቅ ምክንያት ሐይቁ ሲጐድል ስፓይራል ጄቲ እንደገና ታየ፤ ጥቁሩም ድንጋይ ጨው ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚህን ጊዜ ድንጋይ ተጨምሮበት ከፍ ይበል፥ አይበል የሚል ክርክር ተነሣ።

ይህ ክርክር ወደ ዋናው ነገራችን ያደርሰናል። እንቅፋትን ድል መንሣት ሁልጊዜ የፈረሰውን መልሶ ማቆም ነውን? የሳን ፍራንሲስኮው ክብ አንድ ወገኑ ሲጐድል መንገድነቱ ያበቃል፤ ተጓዡም ወደ መካከሉ አይደርስም። ስለዚህ መጠገን የሥራው ሕግ ነው። ስፓይራል ጄቲ ግን ከመጀመሪያው በውሃው ውስጥ፥ ለውሃው ተላልፎ የተሠራ ነው። ስሚዝሰንም በጽሑፎቹ ጊዜ ነገርን ሁሉ እንዴት እንደሚያፈርስ ደጋግሞ ያሰበ ሰው ነበር። ይህን ሥራ ከውሃው በላይ ከፍ ማድረግ አሳቡን ማረም እንጂ ድንጋዩን ማዳን አይሆንም ነበር። ጨው ያለበሰውም ነጭነት ማንም ሠሪ አስቦ ሊጨምርለት የማይችል ውበት ነው።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ አስተያየት ለስንፍና በር ይከፍታል፤ ማንም የፈረሰ ሥራውን ሳያነሣ «ተፈጥሮ ወሰነ» ሊል ይችላል ብሎ ይቃወም ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ስሚዝሰን ለውሃው የተወው አስቀድሞ ከራሱ ስሕተት ጋር ታግሎ ያሸነፈውን ሥራ ነው። ሊታረም የሚችለውን ሁሉ ሳያርም ለጊዜ የሚተው ሰው ግን ሥራውን ጣለው እንጂ ተወው አይባልም።

እንግዲህ የኪነ ጥበብን ሥራ የሚመረምር ተማሪም፥ የሚያስተምር መምህርም፥ ቅርስን እንዲጠብቅ ኀላፊነት የተሰጠው ሹምም፥ የወደቀ ድንጋይ ባየ ጊዜ ለማንሣት ከመቸኰሉ በፊት መሥመሩን አጥንቶ ይህ ሥራ የሚኖረው በምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። በቅርጹ ምሉዕነት የሚኖር ከሆነ ድንጋዩን ያለ መታከት ይመልስ፤ ከጊዜ ጋር አብሮ በመለወጥ የሚኖር ከሆነ ግን እጁን ሰብስቦ ይጠብቀው።