ባለቤቱ ሳይጠየቅ

ካፌ ውስጥ የታይዋን ነገር ከተነሳ ጠረጴዛው እንደ አርሴናልና ማንቼስተር ደጋፊ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «የቻይና ናት፤ አለቀ!» ይላል። ሌላው «ራሷን የቻለች አገር ናት!» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ የመጀመሪያው አሜሪካን ይጠላል፤ ሁለተኛው ቻይናን አይወድም። ደሴቲቱ ላይ ስለሚኖረው 23 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

እስቲ ታሪኩን እንየው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ከጥንት ጀምሮ የቻይና ነበረች» የሚሉን ሰዎች ከቻይናውያን ሰፋሪዎች በፊት ለሺህ ዓመታት የኖሩትን ነባር ሕዝቦች ይዘሏቸዋል። የቺንግ ነገሥታት ደሴቲቱን ወደ ግዛታቸው የቀላቀሏት በ1684 ነው። በ1895 በጦርነት ተሸንፈው ለጃፓን አስረከቧት። ጃፓን 50 ዓመት ገዝታ በ1945 ስትሸነፍ ደግሞ የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ተረከባት። ሕዝቡ «ወገን መጣልን» ብሎ ሳይጨርስ በ1947 አመፅ ተነሳ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በ1949 ቺያንግ በማኦ ተሸንፎ ወደ ደሴቲቱ ሸሸ፤ በዚያው ዓመት የታወጀው ወታደራዊ ሕግ እስከ 1987 አልተነሳም። በዚህ ሁሉ ርክክብ መሀል «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ያለ አልነበረም። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመረጠው በ1996 ነው፤ ያኔም ቻይና በአካባቢው ባሕር ላይ ሚሳይል ትተኩስ ነበር።

በነገሩ የኛም እጅ አለበት። ኢትዮጵያ ለቤጂንግ በ1970 እውቅና ሰጠች። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የቻይናን ወንበር ከቺያንግ ወስዶ ለቤጂንግ ሲሰጥ ከ76ቱ ደጋፊዎች አንዷ ነበረች። ውሳኔው ግን ወንበሩን ማን ይያዝ ይላል እንጂ የታይዋንን ስም እንኳ አያነሳም። ካፌ ውስጥ ሲደርስ «ተመድ ታይዋን የቻይና ናት ብሎ ወስኗል» ሆኖ ይወራል።

ታዲያ ሕዝቡ ምን ይላል? ታይፔ የሚገኘው የቼንግቺ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይጠይቃል። ያኔ «ቻይናዊ ብቻ ነኝ» ባዩ ከአራት ሰው አንድ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ጥቂት ሰው ነው። «ታይዋናዊ ብቻ ነኝ» ባዩ ከግማሽ በላይ ሆኗል። «ነፃነት ይታወጅ ወይስ እንዋሃድ?» ሲባል ግን ብዙኃኑ «ለጊዜው ባለንበት እንቆይ» ይላል።

ይህችን መልስ ሁለቱም ወገን ለራሱ ይተረጉማታል። አንዱ «ነፃነት አልፈለጉም!» ይላል፤ ሌላው «ውህደት አልፈለጉም!» ይላል። ጥያቄው የሚጠየቅበትን ሁኔታ ግን ማንም አያነሳም። ቻይና በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ ታይዋን ከተገነጠለች ሰላማዊ ያልሆነ እርምጃ እንደምትወስድ ደንግጋለች። ጠመንጃ ተደቅኖበት «ምን ትፈልጋለህ?» የተባለ ሰው የሚያድረውን ይመልሳል፤ የሚፈልገውን በሆዱ ይይዛል። ሁሉም በፍርሃት ነው ማለትም አይቻልም። የያዘው ኑሮ የተመቸው፣ ማዶ ንግድና ዘመድ ያለው ሞልቷል። ማን በየትኛው ምክንያት እንደመለሰ ለመለየት መጀመሪያ ጠመንጃው ዞር ማለት አለበት።

ታሪክ ማን መቼ እንደገዛ ይነግረናል። ዛሬ እዚያ ያለው ሰው እንዴት መኖር እንደሚሻ ግን ከታሪክ መጽሐፍ አይገኝም፤ እሱኑ መጠየቅ ነው። ጠረጴዛ መደብደቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።