የጥቁር መስመር ዋጋ፦ በፒክስል ሥዕል የገጸ ባሕርይ ጠርዝ ላይ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ፒክስል ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች ገጸ ባሕርይን በመስመር ከብቦ መሣልን አብዛኛውን ጊዜ የምርጫ ጉዳይ ያደርጉታል፤ አንዱ ሠዓሊ ይወደዋል፣ ሌላው ይተወዋል ብለው ያልፋሉ። በዚህ አልስማማም። የዙሪያ መስመር ከሁሉ በፊት ወጪ ነው፤ ቀለምም ቦታም ይበላል። በምትኩ ምን እንዳስገኘ ሳይጠየቅ ስለ ውበቱ መከራከር ብዙ አያራምድም።

ወጪው ጎልቶ የሚታየው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ባቀረበው ፋሚኮም ላይ ነው። በዚህ መሣሪያ አንድ ስፕራይት፣ ማለትም ከዳራው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል፣ ሦስት ቀለም ብቻ ይይዛል፤ አራተኛው ቦታ ዳራውን የሚያሳይ ባዶ ነው። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሦስቱንም ለማሪዮ አካል አውሏቸዋል፦ ቀዩ ለቆብና ለቱታ፣ ቡኒው ለጸጉር፣ ለሸሚዝና ለጫማ፣ የቆዳው ቀለም ለፊትና ለእጅ። መስመር የሚባል ነገር የለም። ያም ሆኖ ማሪዮ ከዳራው ጋር አይደባለቅም። ከላይ ሰማዩ ፈካ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው መንገድ ደግሞ ድፍን ጥቁር። እዚያ ጥቁር መስመር ቢኖረው መስመሩ ከጨለማው ጋር ተዋህዶ ይጠፋ ነበር፤ ከሦስቱ ቀለማት አንዱ በከንቱ በባከነ ነበር።

በ1988 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3» ሲወጣ ስሌቱ ተለወጠ። ቡኒው ወጣ፣ ጥቁሩ ገባ። እኔን የሚገርመኝ መስመሩ ራሱ ሳይሆን ለጥቁሩ የተሰጠው የሥራ ብዛት ነው፦ የዙሪያው መስመር፣ ጸጉሩ፣ ጺሙ፣ ቱታው ሁሉም በዚያው በአንድ ቀለም ተሠርተዋል። በጨዋታው ሽፋን ላይ ሰማያዊ የሆነው ቱታ ስክሪን ላይ ጥቁር የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መስመሩ የት አብቅቶ ልብሱ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም፤ መለየትም አያስፈልግም። ከጠባብ በጀት የተገኘ፣ አንድ ቀለም አራት ቦታ የዋለበት ሥራ ነው።

የካፕኮሙ «ሜጋ ማን» (1987) ሌላ መንገድ መረጠ። አካሉ ጥቁር መስመርና ሁለት ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ለፊቱ የተረፈ ቀለም ስለሌለ ፊቱ ለብቻው ተሥሎ ከላይ የተደረበ ሌላ ስፕራይት ነው። ድርቡም በነጻ አልመጣም። ፋሚኮም በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ስፕራይት ማሳየት ስለማይችል፣ ጠላት በበዛ ቁጥር ምስሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ።

የቦታው ወጪ ደግሞ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። 16 በ16 የሆነ ካሬ 256 ፒክስል አለው፤ ጠርዙን ብቻ በአንድ ፒክስል ብንከብበው 60 ይሄዳል፣ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። በ64 በ64 ካሬ ላይ ግን ያው መስመር 252 ከ4,096 ነው፤ ስድስት በመቶ ገደማ። በትልቅ ምስል ላይ ክር የሚመስለው መስመር በትንሽ ምስል ላይ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ «መስመር ይኑር ወይስ አይኑር» የሚለው ጥያቄ የምስሉ መጠን ሳይጠቀስ ትርጉም የለውም።

በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም ለአንድ ስፕራይት 15 ቀለም ሲፈቅድ የቀለሙ ችግር ቀለለ። የጸጉር ጠርዝ በጥቁር ቡኒ፣ የቀይ ካባ ጠርዝ በደማቅ ወይን ጠጅ መከበብ ቻለ። ከዚያም ብርሃን በሚያርፍበት ወገን መስመሩን የሚያፈካው ወይም የሚቆርጠው ስልት ተስፋፋ፤ ለጀማሪዎችም የብስለት ምልክት ተደርጎ ይነገራል። እኔ እጠራጠራለሁ። ለጥቁር ዳራ ታስቦ የለሰለሰ ጠርዝ ገጸ ባሕርዩ ፈካ ወዳለ ዳራ ሲሻገር ዙሪያው የተበላ ይመስላል። ስልቱ የሚያምረው ምስሉ ባለበት ሲቆም ነው፤ ስፕራይት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

መስመርን ፈጽሞ የተወው በ2011 የወጣው «ሱፐርብራዘርስ፦ ሶርድ ኤንድ ስወርሰሪ» ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሸምበቆ ቀጫጭን ናቸው፤ መስመር ቢጨመርባቸው ከአካላቸው የሚበልጠው መስመሩ ይሆን ነበር። ሠዓሊው ወጪውን ወደ ዳራው አዞረው፦ የእያንዳንዱ ትዕይንት ድምቀትና ጥላ የሰዎቹን ቅርጽ እንዲያወጣ ተደርጎ ተመጥኗል። ይህ ደግሞ ዳራውንና ገጸ ባሕርዩን አብሮ የሚያስብ እጅ ይጠይቃል።

ዛሬ እንደ ኤይስፕራይት ያሉ የመሣያ ሶፍትዌሮች በአንድ ትእዛዝ ምስሉን በመስመር ይከብባሉ። 16 በ16 ሆኖ ካሬውን የሞላ ምስል በቅጽበት 18 በ18 ይሆናል፤ የጨዋታው የመለኪያ ሰሌዳ ግን በ16 እንደተከፈለ ይቀራል። መስመሩ የትኛው ዳራ ላይ እንደሚያርፍም ትእዛዙ አይጠይቅም። ወጣት ሠዓሊዎቻችን ትእዛዙን ከመጫናቸው በፊት ምስላቸውን በጨዋታቸው እጅግ ጨለማና እጅግ ብሩህ ዳራ ላይ አስቀምጠው ይዩት፤ ያለ መስመር በሁለቱም ላይ ከታየ፣ ይተዉት።