ከ1461 አንዷ ቀን

መነሻ + 365 × ዓመት + ዓመት ÷ 4 + 30 × ወር + ቀን − 1

ይህች መስመር እጅዎ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ አለች። አንድሮይድ፣ አይፎንና ክሮም የሚጠቀሙበት አይሲዩ የሚባል የኮድ ስብስብ አለ፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሁሉ ክፍት ያደረገው፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የዩኒኮድ ድርጅት የሚያስተዳድረው። ከዚያ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላው ክፍል ትንሽ ነው፤ የትንሹም ልብ ይህች መስመር ናት። ቀን ይሰጧታል፣ ዕለታትን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተርታ የሚቆጥር አንድ ቁጥር ትመልሳለች።

ቀመሩ ውስጥ ያለው «መነሻ» 1723856 ነው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው ይጣላል። ወር ከዜሮ ይቆጠራል፤ መስከረም 0፣ ጳጉሜ 12። የሚሊኒየሙን ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2000ን፣ እናስገባባት። 1723856 ላይ 730000 ይደመራል፣ ከዚያ 500፤ ለወሩም ለቀኑም የሚጨመር የለም። ውጤቱ 2454356 ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007ን የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚያውቁት በዚሁ ቁጥር ነው። ለ7 ሲያካፍሉት 2 ይተርፋል፤ ሰኞን ዜሮ ብለው ቢቆጥሩ ረቡዕ ላይ ያርፋሉ። በዓሉም ረቡዕ ነበር የዋለው።

የመስመሯን ውበት ለማየት የሌላትን ነገር መፈለግ ይሻላል። «ከሆነ» የምትል ቃል የለችባትም። የወራት ርዝመት ሠንጠረዥ የላትም። ዓመቱ ጳጉሜ 6 ያለው ይሁን አይሁን አትጠይቅም። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ አያምንም፤ በግሪጎርያኑ አቆጣጠር የለመደው ሌላ ነውና። እዚያ 31 አለ፣ 30 አለ፣ 28 አለ፤ ትርፏ ቀን ደግሞ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ተወሽቃ የተከታዮቹን ወራት ሒሳብ ሁሉ ታናጋለች። ጀርመናዊው ክርስቲያን ዜለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መላ ሲፈልግ ያገኘው ዘዴ ጃንዋሪንና ፌብሩዋሪን ካለፈው ዓመት ጋር ለጥፎ 13ኛና 14ኛ ወር ብሎ መቁጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ፍሊግልና ቫን ፍላንደርን ለኮምፒውተር የሚሆን አጭር ቀመር ሲያሳትሙም ዓመቱን ከማርች አስጀምረው ነው ያሰሉት። 13ኛ ወር የሌላቸው ሰዎች ለማስላት ሲሉ 13ኛ ወር ፈጠሩ ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ፈገግ ሳልል አላልፍም።

የእኛው አቆጣጠር ይህን ጣጣ ከጥንት ጀምሮ ጨርሶታል። 12ቱን ወር እኩል 30 አድርጎ፣ የተረፈውን ሸማኔ ትርፍ ክሩን ጫፍ ላይ እንደሚቋጨው ጳጉሜ ላይ ቋጭቶታል። የትርፍም ትርፍ የሆነችው ስድስተኛዋ ቀን የዓመቱ መጨረሻ ናት። ስለዚህ ከእሷ በኋላ በዚያው ዓመት የሚዛባ ወር የለም፤ የመኖሯ ምልክት የሚታየው በሚቀጥለው መስከረም 1 ብቻ ነው። በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ከሚጠሩት ዓመታት ጳጉሜ 6 የምትሆነው በሉቃስ ዓመት ነው፣ ሉቃስን የሚከተለው ዮሐንስ ደግሞ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። «ዓመት ÷ 4» የምትለዋ ቁራጭ ልክ በዮሐንስ መግቢያ አንድ የምትጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ ወንጌላዊውን ሲያወጣ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። 5500ም ኮዱ ውስጥ በስሙ ተቀምጧል፤ በዓመተ ዓለምና በዓመተ ምሕረት መካከል ያለው ልዩነት ሆኖ።

ግብፆቹ ኮፕቶችም በዚችው መስመር ያልፋሉ። ወራቸውና ትርፍ ቀናቸው ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ አይሲዩ ሁለቱን በአንድ ክፍል ይሠራቸዋል፤ ለእነሱ መነሻው 1824665 ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። የሁለት ቤተ ክርስቲያን ዝምድና በአንድ የጋራ ኮድ ሲገለጥ ማየት ደስ ይላል፤ የጻፈው ሰው ግን ሁለቴ ላለመጻፍ ብቻ ብሎ ያደረገው ይመስለኛል።

ከአይሲዩ ቅጂ ጎን ብርሃኑ በየነና የሀምቡርጉ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ማንፍሬድ ኩድሌክ ያዘጋጁት ቀመር አለ። ለግዕዝ ፊደልና አቆጣጠር በኮምፒውተር ብዙ የደከመው ዳንኤል ያዕቆብ ካሰራጨው ወዲህ ብዙ የአበሻ ፕሮግራመር ሥራ የጀመረው በእሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ወርን ከ1 ስለሚቆጥሩ ጫፉ ላይ −31 አለች፤ መነሻው ላይ 365 ጨምረው ከዓመቱ አንድ ይቀንሳሉ። ይህን ሲያጸዱት ከላይ ያለችው መስመር ትወጣለች። ወደ ኋላ በሚመለሰው መንገድ፣ ከቁጥሩ ዓመትና ወር በሚወጣበት፣ ግን እነሱ ይበልጣሉ።

እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። አራት ዓመት 1461 ቀን ነው። ከቁጥሩ ላይ መነሻው ተቀንሶ ለ1461 ሲካፈል ከ0 እስከ 1460 የሆነ ቀሪ ይገኛል። ቀሪው ለ365 ሲካፈል ከአራቱ ዓመት የትኛው እንደሆነ ይነግረናል፤ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3። አንድ ቀን ብቻ ታስቸግራለች። ቀሪው 1460 ሲሆን ለ365 ሲካፈል 4 ይሰጣል፤ 4 የሚባል ዓመት ደግሞ የለም። ያቺ ቀን ጳጉሜ 6 ናት። ዝም ቢሏት ወደ መስከረም 1 ትሸሻለች። መፍትሔው ቀሪውን እንደገና ለ1460 አካፍሎ ውጤቱን መቀነስ ነው። በሌሎቹ 1460 ቀናት ውጤቱ ዜሮ ስለሆነ ማንም አይነካም፤ በዚያች በአንዷ ቀን አንድ ይሆንና ዓመቷን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። አይሲዩ ዓመቱን እንዲሁ ያወጣል፣ ቀኑ ላይ ሲደርስ ግን «1460 ከሆነ» ብሎ አንዴ ይጠይቃል። በየነና ኩድሌክ እሷንም አይጠይቁም፤ እዚያም ያችኑ ማካፈል በ365 አባዝተው ይጨምሩባታል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስልቼ ሳየው 2460199 ወጣ፤ መነሻው ሲቀነስና ለ1461 ሲካፈል የተረፈው ልክ 1460 ነበር።

ይህን ሁሉ እንዳይ ያደረገኝ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ የሚሠራ ወዳጄ ነው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ይከፈታል፤ ከታች የታክሲው ጩኸት፣ ከላይ የየካ ተራራና ከእሱ ወዲያ የእንጦጦ ሰንሰለት። ሥራው ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ሲስተም ማስታመም ነው፤ ዴቨሎፐሮች የሚሸሹት ሥራ። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ፤ ደረሰኞች የነገን ቀን እየያዙ ይወጣሉ። የደወለችው አንጋፋ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች።

«ልጄ፣ ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የሚያብደው።»

«እሺ እትዬ፣ የዛሬውን ደረሰኝ አንድም ሳትጥይ አስቀምጪልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራ ነበር፤ እኔም ይህንኑ ነበር የምመክረው። እሱ ኮዱን አልከፈተም። ሄዶ ደረሰኞቹን በሰዓታቸው ደረደረና ጤነኛው ከታመመው የሚለይበትን ቦታ ፈለገ። ድንበሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ የተቆረጠው ልክ ነው፣ ጥቂት ቆይቶ የተቆረጠው ስህተት። ለወዳጄ ትልቁ ፍንጭ ይህ ነበር። ብልሽቱ በምሳ ሰዓት ቢጀምር ሰው ይጠረጠራል። እኩለ ሌሊት ላይ ቢሆን የሰዓት ቀጠና ነው። በ6 ሰዓት ተንሸራቶ ቢገኝ ደግሞ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት መቀያየር ነው፤ የቀን አቆጣጠራችንን የሚያውቀው አይሲዩ ሰዓታችንን ስለማይነካ ይህ ጥፋት በየቢሮው የተለመደ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ግን ምን አለ?

9 ሰዓት በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 15 ነው። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። 15 ሲቀነስ 3፣ 12። የግሪንዊች እኩለ ቀን።

መልሱ ከመስኮቱ ማዶ ነበር ማለት ይቻላል። እንጦጦ ላይ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ዕለትን የሚቆጥሩት በጁሊያን ቀን ነው፤ ጆሴፍ ስካሊገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባቋቋመው ዘመን ላይ ተመሥርቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 የሚጀምር ተከታታይ ቁጥር። ከላይ ያየነው 2454356 የዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ኮከብ የሚያይ ሰው አንድ ሌሊት በሁለት ቀን እንዳይከፈልበት ተብሎ። በእንጦጦ ይህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ስለምታበራ ኮከብ የሚቆጥር የለም፣ ማንም አይጎዳም። እታች ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ግን በዚያ ሰዓት ገና ደረሰኝ ትቆርጣለች።

የቀድሞው ፕሮግራመር ጁሊያን ቀኑን ከነክፋዩ ወስዶ ክፋዩን ቆርጦ ጥሏል። ሲሞክረው አንድ ቀን ጎደለበት፤ አንድ ደመረበትና ሄደ። የሞከረው ጠዋት ነበር። ጠዋት ላይ ያ አንድ ልክ ነው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ቁጥሩ ራሱ ስለሚዘል የነገን ቀን ይሰጣል። ወዳጄ ያቺን አንድ አንሥቶ በቦታዋ ሦስት ሰዓትና ግማሽ ቀን አስገባ። በጠቅላላው የተቀየረችው መስመር አንዲት ናት። ከጎኗ ኮሜንት ጻፈ፣ በአማርኛ፣ ለምን ግማሽ ቀን እንደተጨመረ። በኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሜንት የማየው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙው ሰው ያደረገውን ይጽፋል፣ ለምን እንዳደረገው አይጽፍም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ደግሞ ከጥገናው ይልቅ ያስደነቀኝ ነው። 400 የግሪጎርያን ዓመት 146097 ቀን ነው። እያንዳንዷን ቀን ወደ እኛ፣ ከእኛ ደግሞ ወደ እነሱ እየመለሰ በተነሣችበት መገኘቷን የሚያረጋግጥ ቴስት ጻፈ። ኮምፒውተሩ ከዓይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከእሱ ጋር በእጁ የጻፋቸው ጥቂት ቀናት አሉ፤ ሚሊኒየሙ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ እና ታኅሣሥ 10 ቀን 2012። የመጨረሻዋ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ የነበረው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ከቻይና የተወነጨፈችበት ዕለት ናት። ምንም ልዩ ሒሳብ የላትም፤ ስለወደዳት ነው ያስገባት።

አዲስ አበባ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ይመጣባታል። አይሲኤልአር የተባለው የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በሚያዝያ 2012 እዚህ ሊካሄድ ተወስኖ በኮቪድ ምክንያት ወደ ኢንተርኔት ዞረ። የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤው ደግሞ በኅዳር 2015 በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) አዳራሽ ተካሂዷል። በእንዲህ ያለ መድረክ ስለ ጳጉሜ 40 ደቂቃ የሚያወራ ተናጋሪ ቢመደብ ከብዙ ፓነል ይልቅ እሱን ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ወዳጄ ግን ጉባኤ የሚሄደው ለሻይ ዕረፍቱ ነው፤ የገጠማቸውን ባግ ሰዎች በእውነት የሚያወሩት እዚያ ነው ይላል።

ብዙዎች ቴስት ሳይጽፉላት የሚተዋት አንዲት ቀን ግን አለች። ዓመቱን በ«7 ወይም 8 ቀንስ»፣ እንቁጣጣሽን በ«ሴፕቴምበር 11 ወይም 12» የሚያሰሉ ሲስተሞች በሀገሩ ሞልተዋል፤ ለዘመናችን ይሠራሉም። ግሪጎርያኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል። የእኛ አይዘልም። ከዚያ ወዲያ ቀናችን ከእነሱ ቀን በአንድ ይርቃል። መስከረም 1 ቀን 2093 ሉቃስን የሚከተል ዓመት ባይሆንም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ 29 ቀንም ጃንዋሪ 8 ይሆናል። በአንዱ ቁጥር በኩል የምታልፈው መስመር አንድም ፊደል ሳይቀየርባት ይህንን ትሰጣለች። ወዳጄ መስከረም 1 ቀን 2093ን ቴስቱ ውስጥ አስገብቷታል። «ያኔ ማን ይኖራል?» ብዬ ስጠይቀው፣ የሠላሳ ዓመት ብድር የሚመዘግብ ሲስተም ከኛ ቀድሞ እዚያ እንደሚደርስ ነገረኝ።

የቅርቧ ፈተና ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ናት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ ቅዳሜ። ከገንዘብ ተቀባይዋ ፎርሞች በአንዱ የወር ሳጥን ላይ «ከ1 እስከ 12» የሚል ገደብ አግኝቶ 13 አድርጎታል፤ የቀኑን ሳጥን ደግሞ ወሩ 13 ሲሆን ከ6 እንዳያልፍ፣ በሉቃስ ካልሆነ በቀር ከ5 እንዳያልፍ። ደመወዝ የሚያሰላውን ክፍል ገና አልከፈተውም። ጳጉሜ ደመወዝ ስለሌላት እዚያ ምን እንደተጻፈ ለማየት እንደማይቸኩል ነው የሚናገረው።