ምስክር የሌለው ፉከራ

በጎጃም ምድር ፉከራ የብቻ ነገር አይደለም። በሽንዲም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ሆነ ወደ ዓባይ በሚወርደው የወምበርማ ቆላ፣ ሠርጉ ሞቅ ሲል ወይም የአንድ ስመ ጥር ሰው ለቅሶ ላይ ጠመንጃውና ልብሱ ወጥቶ ሲታይ፣ አንዱ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ሲል ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች አይደለም። ሰውየውን ያውቀዋል። የአባቱን ስም፣ በየትኛው ዘመቻ ከማን ጋር እንደ ወረደ፣ ከማንስ ጋር እንደ ተመለሰ ያውቃል። ፎካሪው ያልዋለበትን ውሎ የጠራ እንደ ሆነ ከዳሱ ጥግ የምትሰማው ሳቅ ቅጽል ስም ሆና ከልጅ ልጆቹ ጋር ትኖራለች። እንግዲህ የፉከራ እውነተኛነት በፎካሪው አንደበት ሳይሆን በከበበው ሰው ጆሮ ላይ ቆሞ የኖረ ነው ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይዘምት ዘመትሁ፣ ሳይሸለም ተሸለምሁ የሚል ሰው በየዘመኑ አለ፤ «ሕዝባችን ደግሞ የጀግና ስም የሚሰርቅን ሰው አጥብቆ ይጠላል» ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። መጥላቱስ ይጥላ፤ ማንን ነው የሚጠላው? መቼስ ነው የሚጠላው? ትንሹን ቀጣፊ ይስቅበታል፣ ያዋርደዋል፤ ለትልቁ ግን ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅለታል።

የዚህን ጠባይ ምሥጢር ለማየት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ መስተዋት አላውቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። የምናነሣው ሰው ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ርቀው፣ በዲማ ጊዮርጊስ የሚኖሩት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። በእርግጥ ፊታውራሪ በጥሬ ቃሉ ሐሰተኛ ባለሜዳይ አይደሉም። ማዕረጉ አላቸው፤ ርስቱም ጉልቱም አላቸው። የሌላቸው ነገር ያ ማዕረግ ይናገርልኛል የሚሉት ጀግንነት ነው። እሱን ከዘር ሐረጋቸው ተበድረው ለብሰውታል።

ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከበት ጊዜ አገር በሙሉ በፊታውራሪ ስቋል። እስከ ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ፊት ይፈታል። ልክ ነው፤ ከዶን ኪሾት ጋር ቢያወዳድሯቸው የሚያሳፍሩ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ዶን ኪሾት የወጋው የነፋስ ወፍጮ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ የዘመቱት በራሳቸው ገባሮች ላይ ነው። ይህ ልዩነት በሳቁ መካከል ያመልጠናል። አንድ ሰው ጀግና ነኝ ብሎ ሲነሣ የሚሰማው ጆሮ ያስፈልገዋል፤ ጆሮ ደግሞ በነፃ አይገኝም። የፊታውራሪ አድማጮች በገበታቸው ዙሪያ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ የገበታው እህል የሚመጣው ደግሞ ከገበሬው ጎተራ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው የጀግንነት ምኞት በግብር ተተምኖ በማያውቁት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ገበሬዎቹ እምቢ ባሉ ጊዜም ምኞቱ ጦር ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ላይ ደራሲው የሠሩት ሥራ እጅግ ብልህ ነው። ከጌታው ገበታ የሚበላ ሰው የጌታውን ፉከራ ሊመዝን አይችልም፤ ቢያውቅም አይናገርም። መመዘን የሚችሉት ከገበታው የራቁት ብቻ ናቸው። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ፊታውራሪን ሲማርኳቸው በጦር ያሸነፉት አንድ ባላባትን ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የጠፋውን ያንን የምስክር ክብ መልሰው አቆሙት። እዚህ ላይ ነው ፉከራው ከእውነት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው።

ከደራሲው ጋር የምለያየው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ምርኮው ካለፈ በኋላ መጽሐፉ ወደ ሰብለ ወንጌልና ወደ በዛብህ ፍቅር ይመለሳል፤ እኛም አብረን እንመለሳለን። የተዋረዱትን ሽማግሌ እናዝንላቸዋለን፤ የገበሬዎቹን ቤት ግን ዳግመኛ ገብተን አናይም። በዚያ ከንቱ ዘመቻ የሞተባቸው ስንት ነው? ያልታረሰው እርሻስ? አንባቢው ፊታውራሪን በሳቅ ይቅር ሲል የይቅርታው ዋጋ ከሌላ ሰው ኪስ መከፈሉን ሳያውቅ ይቀራል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር የዘመቱ፣ በጠላት ተማርከው ለዓመታት በጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው መሆናቸውን ሳስብ ይህ ርኅራኄ ይገርመኛል። ምናልባት ጦርነትን በዓይኑ ያየ ሰው በውሸታሙ ላይ ለመጨከን አቅም አይተርፈው ይሆናል። እኛ አንባቢዎቹ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለንም።

ሼክስፒር በ«ሄንሪ አራተኛ» ያመጣው ፎልስታፍም ከዚህ ቤት ነው። በጦር ሜዳ የሞተ መስሎ ተኝቶ ይተርፍና፣ ልዑሉ የገደለውን ሆትስፐርን ሬሳ ወግቶ፣ ተሸክሞ፣ «እኔ ነኝ የገደልሁት» ብሎ ይመጣል። አስደናቂው ነገር የፎልስታፍ ድፍረት አይደለም። እውነተኛው ገዳይ ልዑሉ እዚያው ቆሞ ነገሩን ማለፉ ነው። ልዑሉ ውሸቱን የሚያልፈው ስለሚያዝናናው ነው። መንግሥታት ግን ውሸትን የሚያልፉት ስለሚጠቅማቸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ነገር የመድረክ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው ቡድን ጎጃም ሲገባ ያገኘው በየፊናቸው የሚዋጉ አርበኞችን ነበር፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን ማስማማት ራሱ ሥራ ነበር። በየካቲት 1933 ማለቂያ ጠላት ቡሬን ለቀቀ፤ ከዚያ ማንኩሳ፣ ከዚያ ደምበጫ፣ በመጋቢት መጨረሻም ደብረ ማርቆስ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ወዲያውም የሰው ሁሉ ጥያቄ «አምስቱን ዓመት የት ነበርህ?» የሚል ሆነ። ለጥያቄው አራት መልስ ነበረው፤ አርበኛ፣ የውስጥ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። ከአራቱ ሦስቱ ማዕረግ ያስገኛሉ፤ አራተኛውን «እኔ ነኝ» የሚል ሰው አልተገኘም።

«የውስጥ አርበኛ» የሚለው ስም ነገሩን አወሳሰበው። በእርግጥም በጠላት መሥሪያ ቤት ሆነው መረጃ እያወጡ፣ ጥይትና መድኃኒት እየላኩ ነፍሳቸውን የሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶችም ጭምር። ግን ሥራው ስውር በመሆኑ ምስክሩም ስውር ነው። ትናንት የጣሊያን ደመወዝ ሲበላ የነበረ ሰው ዛሬ «እኔ እኮ ውስጥ ሆኜ ነው» ቢል ማን ይሞግተዋል? መንግሥት ደግሞ ጽሕፈትና አስተዳደር የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። ከጠላት ጋር የሠሩ በርካታ ሰዎች ሹመት ማግኘታቸውን፣ የአርበኞች ቅሬታም ለዓመታት አለመብረዱን የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል።

በላይ ዘለቀ የወደቀው በዚህ ዘመን ነው። በላይ የፊታውራሪ መሸሻ ተቃራኒ ነው ብል አላጋነንሁም፤ አገሩም ያው የብቸናና የዲማ አካባቢ ነው። ማዕረግ የሰጠው ሰው ሳይኖር ሠራዊት መራ፤ ለተከታዮቹ እስከ ራስነት ድረስ ይሾም ነበር ይባላል። ለራሱስ ሲሉት እናቱ ያወጣችለት «በላይ» የሚለው ስም እንደሚበቃው መለሰ እየተባለ ይተረካል። ወግ ጠባቂው ሹም ቢሰማ «የሐሰት ማዕረግ» ይለው ነበር። ሕዝቡ ግን ውሎውን ያየ ስለሆነ ማዕረጉን አልጠየቀውም፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው «አንተ» እያለ እንደ ልጁ ያወሳዋል። ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተባለ፤ በአመፅ ተከሰሰ፤ ከእስር አምልጦ ከተያዘ በኋላም በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደለ። ለጣሊያን አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ በቁም እስር ቆይተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕድሜያቸው አረፉ። ለዚህ ነው በጎጃም ስለ ሐሰተኛ አርበኛ ሲወራ ወሬው ስለ አንድ ቀጣፊ ሆኖ የማይቀረው። ሽልማቱን ማን ሰጠው ወደሚለው ይሄዳል።

የአርበኝነት ሜዳይ ብልህ አሠራር ነበረው። በላዩ የሚደረበው ዘንባባ የዓመታቱን ቁጥር ስለሚናገር «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲባል ሰውየው አምስቱንም ዓመት በዱር በገደል እንደ ነበረ ይታወቃል። ስደተኛውም የራሱ ሜዳይ ነበረው። ይሁን እንጂ ሜዳይ መስካሪ አፍ የለውም፤ የሚናገረው የጻፈለት ወረቀት ነው። ወረቀት ለማውጣት ደግሞ ዋና ከተማ መሄድ፣ ደጅ መጥናት፣ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይጠይቃል። ከወምበርማ ቆላ ስንቁን ተሸክሞ ሲዋጋ የኖረ ገበሬ ደጅ ለመጥናት ጊዜው አልነበረውም፤ ክረምት ሲገባ ማረስ ነበረበት። ሐሰተኛው ግን ሌላ ሥራ አልነበረውምና ወረቀቱ ሁልጊዜ የተሟላ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ነገር በሕግ ሊፈቱት ሞክረዋል። ሐቪየር አልቫሬዝ የሚባል በካሊፎርኒያ የአንድ የውኃ ድርጅት ቦርድ አባል እ.ኤ.አ. በ2007 በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር እንደ ሆነ፣ የአገሪቱንም ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ እንደ ተሸለመ ተናገረ። አንዱም እውነት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ውሸት በሚከለክለው ሕግ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በተከታዩ ዓመት የወጣው አዲስ ሕግ ጥፋቱን አጠበበው፤ ገንዘብ ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ለማግኘት የዋሸ ብቻ ይቀጣል። በእኛ ቋንቋ፣ መፎከርን ትቶ መብላትን ከለከለ። ውሳኔውን ከጻፉት ዳኛ ቃል የወደድሁት ግን ሌላ ነው፤ ለውሸት ፉከራ መድኃኒቱ እውነቱን መናገርና የተሸላሚዎችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ነው ብለዋል። ይህ እኮ የዳሱ ጥግ ሳቅ ነው!

የእኛ ችግር ጥርጣሬያችንን የት እንደምናውለው አለማወቃችን ነው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወታደሮች ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከካራማራ እስከ ናቅፋ የዋለ ሰው በአንድ ጀምበር «የደርግ ወታደር» ሆነ። ትናንት በሰልፍ ፊት የተንጠለጠለለትን ሜዳይ ከሣጥን ሥር የከተተ ብዙ ነው። ቀጣፊው ያልሆነውን ነኝ ሲል እነዚህ ደግሞ የሆኑትን አይደለሁም ማለት ግድ ሆነባቸው። በከተሞች መንገድ ዳር ካኪ ለብሶ፣ ክራንች ተደግፎ «የአገር ወታደር ነበርሁ» የሚል ሰው ሲገጥመን ደግሞ ፊታችን ወዲያው ይጠቁራል። «ማን ያውቃል፣ ከገበያ ገዝቶ የለበሰው ይሆናል» እንላለን። ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚያደርግም አይጠፋም። ግን ለሃምሳ ሳንቲም ይህን ያህል ምርመራ የምናደርግ ሰዎች ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ጀብዱውን ለሚተርከው ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ለምን አጨብጭበን እንወጣለን? ይሉኝታ ነው እንዳንል፣ ይሉኝታ ለድኻውም ይገባዋል። እንደ ፊታውራሪ አሽከሮች ከገበታው ስለምንበላ ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ በድል ሐውልቱ ዙሪያ የሚታየውን ሰልፍ በዚህ ዓይን ማየት ያሻል። አምስቱን ዓመት በእድሜያቸው የደረሱ ሰዎች ዛሬ የሉም ለማለት የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነን። ጎፈሩን ደፍተው፣ ጋሻውን ይዘው፣ ሜዳዩን ደርድረው የሚመጡት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን አይተው «ያልዋሉበትን ለበሱ» ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ አልቆጣም። «የአባቴ ነው» ብሎ የሚለብስ ሰው አደራ ተሸክሟልና ውሸታም አይባልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሜዳይ የየትኛው ሰው፣ በየትኛው ጦር የተገኘ እንደ ሆነ ለባሹ ይንገረን። በየወረዳው፣ በሽንዲም በቡሬም በማንኩሳም፣ አባቶቻቸው ከማን ጋር እንደ ዘመቱ ከአፋቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሁንም አሉ። የአርበኞች ማኅበሩም ሆነ የየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ደብተር ይዞ ቢቀርባቸው፣ የተሸለመውን ብቻ ሳይሆን ሳይሸለም ወደ እርሻው የተመለሰውንም ስም ይጠሩለታል።